የእፀገነት የዋጋ ወረቀት

ካርቱም፣ ዴም
ሰኔ 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ወንድሜ ሚልዮን፣

እንዴት ሰነበትክ? ጎንደር ዝናቡ ገባ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው። ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ሳቄ መጣ። ካርቱም አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ደብዳቤ ስጽፍልህ የመጀመሪያዬ ነው፤ የእጅ ጽሑፌን ታግሠህ አንብብ።

በአውቶቡሱ ሹፌር በአብዱልሰላም በኩል የላክኸው ጥያቄ ደርሶኛል። አዎ፣ ኢንተርኔቱ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሥልጣን የያዙት ወታደሮች ቆርጠውት ነው። ከግንቦት 26 ጀምሮ የለም። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላምታው «ሸበካ ማፊ» ሆኗል፣ መስመር የለም ማለት ነው። ያን ቀን ጠዋት ከተማው ውስጥ ያየሁትን አሁን አልጽፍልህም። ፊት ለፊት ስንቀመጥ ትሰማዋለህ።

ለምን አልደወልሽም ላልከኝ፣ ወደ ውጭ ሲደወል አሥር ጊዜ ተሞክሮ አንዴ ይይዛል። ሲይዝም ሰው ስልኩ ይጠለፋል ብሎ ስለሚፈራ ከሰላምታ ሌላ የሚያወራ የለም።

ሥራዬ ቆሟል። ታውቀዋለህ፣ በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሱቅ መርከዚ፣ ትልቁ የአትክልት ገበያ እገባና የሽንኩርቱን፣ የቲማቲሙን፣ የድንቹን ዋጋ ከጅምላ ሻጮቹ ጠይቄ ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በዋትሳፕ እልክ ነበር። ምግብ ቤት ያላቸው ሐበሾች፣ ሱዳናውያን ቸርቻሪዎች፣ ከገዳሪፍ የሚጭኑ ሹፌሮች ሁሉ የሚያድሩት በዚያ መልእክት ነው። አሁን ስልክ እየደወልኩ ልንገራቸው ብል አሥር ሰው እደርሳለሁ። ሁለት መቶ ሰው በስልክ አይደረስም።

ምን እየሆነ እንዳለ በአንድ ቀን ላሳይህ። ትናንት ባሕሪ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ አንድ ገበሬ ሁለት ፒካፕ ሙሉ ቲማቲም ገዢ አጥቶ መንገድ ዳር ደፍቶት ሄደ። በዚያው ሰዓት አል-ሳሃፋ ሰፈር ቲማቲም በሦስት እጥፍ ዋጋ ይሸጥ ነበር፣ ያውም ሲገኝ። በመካከላቸው ያለው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ገበሬው የት እንደሚፈለግ አላወቀም፤ የአል-ሳሃፋዋም ሸማች ሴት የት እንደሚደፋ አላወቀችም። ሚልዮን፣ ዕቃ የሚሄደው በወሬ ነው። ወሬው ከቆመ መኪናው ነዳጅ ቢሞላም ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም።

ቴሌቪዥኑን ስትከፍት ደግሞ ገበያው ጢም ብሎ ሰው ሲገዛ ያሳዩሃል። ጎረቤቴ ሉጥፊያ፣ ያቺ ሱዳናዊቷ አስተማሪ፣ ስክሪኑን ጠቁማ «ሰዎቹ ሹራብ ለብሰዋል እኮ!» አለችኝ። በአርባ ሦስት ዲግሪ ሙቀት! በጥር የቀረጹትን ነው በሰኔ የሚያሳዩን።

አንድ አደራ አለኝ። ጋሽ ይማም መተማ ላይ ለካርቱም የሚሆን ድንች እየሰበሰበ ነው አሉ። ከነገ ጀምሮ ከተማው በሙሉ አድማ ሊመታ ነው፤ ገበያ የለም። መስመሩ እምቢ አለኝ እንጂ ራሴ እነግረው ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገን ሰው ነውና አደራህን፣ እንዳይጭን ንገረው።

እህትህ እፀገነት


ጎንደር
ሰኔ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። አብዱልሰላም በአድማው ምክንያት ገዳሪፍ ላይ አምስት ቀን ቆሞ ነበር። ደህና ነኝ ማለትሽን አምኛለሁ፤ ያልጻፍሽውንም ፊት ለፊት እስክንገናኝ አልጠይቅሽም።

ጋሽ ይማምን በተመለከተ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ መተማ ደወልኩ። ሚስቱ አሚና አነሣች። «ልጄ፣ ረቡዕ ዕለት ሁለት መቶ ጆንያ ጭኖ ወጣ፤ በጋላባት ድንበሩን ተሻግሯል» አለችኝ። ረቡዕ ማለት ሰኔ 5 ነው። ገበያው ተከፍቷል ሲባል ሰምቶ ነው የጫነው።

ወዳንቺ ይመጣልና ተቀበይው። ድንቹ በዚያ ሙቀት ስንት ቀን እንደሚቆይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

እዚህም ለተማሪዎች ፈተና ብለው ኢንተርኔቱን ጥቂት ቀን ቆርጠውት ነበር፤ አሁን ተመልሷል። ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ሥራ እንደወትሮው ነው። የጠዋቱን የንግድ ዜና አሁንም የማነበው እኔ ነኝ። ሌላም የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ዛሬ ግን ብዕሩ እምቢ አለኝ።

ወንድምሽ ሚልዮን


ካርቱም፣ ዴም
ሰኔ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሚልዮን፣

ብዕሩ እምቢ ያለህ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ጋሽ ይማም ሰኔ 11 ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳ። ልብሱ አቧራ፣ ከንፈሩ የደረቀ። ውኃ ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ ቢስሚላህ ብሎ ተቀመጠ። «ምን ብለህ ጫንክ ጋሼ?» አልኩት።

«ሬዲዮ ሰምቼ» አለ። «ካርቱም ሰላም ሆኗል፣ ገበያው ተከፍቷል፣ ንግዱ ሞቅ ብሏል አሉ።»

«ሬዲዮ ያለውን ሁሉ ታምናለህ እንዴ?»

«ሬዲዮ አላምንም» አለ። «ሚልዮን ነው ያነበበው። ልጄን ነው ያመንኩት።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰኔ 3፣ እኛ በአድማው ቤታችን ተቀምጠን አንድ ሱቅ እንኳ ባልተከፈተበት ቀን ነው አንተ ያን ያነበብከው። እኔ የማውቀውን የምትጠይቅበት መንገድ አልነበረህም፤ ይህ ይገባኛል። ቢሆንም «አላጣራንም» የሚል አንድ ቃል መጨመር ትችል ነበር። ከአሁን ወዲያ ስለዚህ አልወቅስህም፤ አንዴ ብዬዋለሁ፣ በቃ።

የድንቹን ነገር ልንገርህ። መኪናው በየኬላው ሲያዝ ስድስት ቀን ፀሐይ ላይ ቆሟል። ከሁለት መቶው ጆንያ መቶ ሃያው ውኃ ሆኗል። ሽታው መንገዱን ይዞት ሰፈርተኛው ወጥቶ አየን። ጋሽ ይማም ሰማንያዎቹንም «ጣይልኝ፣ ልጄ፣ ዓይኔ አይያቸው» አለኝ። እኔ ግን አልጣልኩም።

በማግስቱ ጠዋት ሱቅ መርከዚ ገባሁ። እንደ ድሮው ዋጋውን ሁሉ ጠየቅሁ። ከዚያ በእግሬና በራክሻ፣ በዚያች ባለሦስት እግሯ፣ አል-ሳሃፋንና ባሕሪን ዞርኩ፤ የት ምን እንደጠፋ፣ የት ምን እንደተረፈ እየጻፍኩ። ቤቴ ስገባ ሉጥፊያ የትምህርት ቤቷን የካርቦን ወረቀት ይዛ መጣች። እኔ በአማርኛ፣ እሷ በዐረብኛ፣ አንድ ገጽ ጻፍን። ላይኛው መስመር «የዛሬ ዋጋ» ይላል። ከሥሩ ዕቃው፣ የተገኘበት ቦታ፣ ዋጋው፣ መጨረሻ ላይ «የሚፈለግበት» የሚል አለ። አርባ ቅጂ አወጣን። ለራክሻ ነጂዎቹ ሰጠናቸው፤ በየሻይ ቤቱ፣ በየዳቦ ቤቱ በር ለጠፉት።

የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ድንች «የሚፈለግበት» አል-ሳሃፋ ነበር፤ «የተገኘበት» የጋሽ ይማም መኪና። ሰማንያው ጆንያ በሁለት ቀን አለቀ። በደህና ዋጋ። የገዙትም አተረፉበት። ጋሽ ይማም እስከ መጨረሻው ጆንያ ድረስ ቆሞ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ነገም ትጽፊዋለሽ?» አለኝ። እጽፈዋለሁ አልኩት። ይኸው ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ቅጂው ዘጠና ደርሷል።

እፀገነት


ጎንደር
ሰኔ 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

እህቴ፣

ባሕር ዳር ቅዳሜ የተፈጸመውን የባለሥልጣናት ግድያ ሰምተሽ ይሆናል። እኔ ደህና ነኝ፤ ቤተ ዘመዱም ደህና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተቆርጧል። ያንቺ «ሸበካ ማፊ» እኔም ጋ መጣ።

ያላልኩሽን ልበል። ዜናው የመጣው ከውጭ ነው፤ ተተርጉሞ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። የዴስኩን ኃላፊ አቶ በየነን «ይህን ከእህቴ ጋር ላጣራው፣ ካርቱም ናት» አልኳቸው። «እህትህ የዜና ወኪል ናት? የተላከውን አንብብ» አሉኝ። እሳቸውን ለመክሰስ አይደለም የምጽፍልሽ። አፉ የኔ ነው። ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጬ፣ ልቤ እየነገረኝ፣ ድምፄን አሳምሬ አነበብኩት።

ጋሽ ይማም «ልጄን ነው ያመንኩት» ያለውን አንብቤ ደብዳቤሽን አጠፍኩትና ሁለት ቀን አልከፈትኩትም።

አሁን እዚህ ያለውን ስሚ። የባንክ ማሽኑ አይሠራም። ሆቴሎቹ የውጭ እንግዳ በኢንተርኔት ነበር የሚያገኙት፤ አልጋው ባዶ ነው። መተማ ላይ ሰሊጥ ጭነው የቆሙ ነጋዴዎች ዋጋው ወጣ ይሁን ወረደ ሳያውቁ እየሸጡ ነው። ገዢዎቹ ያውቃሉ፣ እነሱ አያውቁም። ያንቺ የቲማቲም ገበሬ ማለት ነው። በዚያው ጠዋት ግን የተሰጠኝ ዜና ኢኮኖሚው በፍጥነት እያደገ ነው የሚል ነበር። እድገቱን ማን ለካው? የሚለካበት መስመር ሁሉ ተቆርጦ?

የሰኔ 3ቱ ዜና እንዲታረም በጽሑፍ ጠየቅሁ። አቶ በየነ ወረቀቴን አነበቡና መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። «የሞተ ዜና አይቆፈርም» አሉኝ። እኔ ግን አልተውኩትም። አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ፦ የዋጋ ወረቀትሽን አንዱን ቅጂ ብትልኪልኝ አደጋ ያመጣብሻል?

ሚልዮን


ካርቱም፣ ዴም
ሰኔ 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሚልዮን፣

ለጠየቅኸኝ መልሱ፦ ሦስት ቅጂ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ አደጋውም አስቀድሞ መጥቶ ሄዷል። ከሰኔ 22 እስከ 25 ቤቴ አልነበርኩም። ዛሬ ሳልነግርህ ልለፈው ብዬ ነበር፤ ግን ደብዳቤውን የሚያመጣልህ ጋሽ ይማም ራሱ ስለሆነና እሱ መደበቅ ስለማይችልበት፣ ከኔ ስማው።

ሁለት ሰዎች መጥተው «ያላ፣ ነይ፣ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አሉኝ። አልመቱኝም። አንዲት ክፍል ውስጥ ከአራት ሴቶች ጋር አስቀመጡኝ። የሰኔ 23ቱን ሰልፍ በመስኮት ሰማሁት፤ ድምፁ እንደ ጎርፍ ነበር። በማግስቱ አንድ መኮንን ጠራኝ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ያ ሐበሺያ፣ አንቺ ሐበሻ፣ ጋዜጣ ማተም ማን ፈቀደልሽ?»

«ጋዜጣ አይደለም፣ የሽንኩርት ዋጋ ነው።»

«ዋጋ ማሳወቅ የመንግሥት ሥራ ነው። በሬዲዮ ይነገራል።»

«በሬዲዮ በተነገረው ዋጋ የሚሸጥ ሰው ካለ ይጠቁሙኝ» አልኩት፤ «ነገ ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር አደርገዋለሁ።»

በሩ ላይ የቆመው ወታደር ሳቁን ሲውጥ አየሁት። መኮንኑ ግን አልሳቀም። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አንሥቶ አገላበጠው። «ይህን ብቀማሽ ነገ ድንበር ላይ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ስሚ። ወረቀቱን በየጠዋቱ እዚህ አምጪ። እኛ አይተን ማኅተም እንመታበታለን። ከዚያ ትበትኚዋለሽ።»

መፍራቴን አልደብቅህም። ግን አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነውና መልሱ አፌ ላይ ነበር። «ያ ሰይድ፣ ጌታዬ፣ ማኅተሙ እስኪደርስ ቲማቲሙ ይበሰብሳል። እርስዎ አንድ ቀን አንድ ዋጋ ቀይሩት ካሉኝ ደግሞ ሰዉ በማግስቱ ያውቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን የሚያነበው የለም። ባይወጣ ይሻላል።»

«እምቢ ማለትሽ ነው?»

«እምቢ ማለቴ ነው።»

ወደ ክፍሌ መለሱኝ። እንዴት እንደወጣሁ የሰማሁት በኋላ ነው። ወረቀቱ ሁለት ጠዋት ሲቀር የሱቅ መርከዚ ጅምላ ሻጮች ዕቃቸው ተከመረባቸው። ጋሽ ይማምና ሉጥፊያ በየመደቡ እየዞሩ የት እንዳለሁ ነገሯቸው። በሦስተኛው ቀን አሥራ አራት ሱዳናውያን ነጋዴዎች ጀላቢያቸውን ለብሰው መጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። መፈክር የለም፣ ጩኸት የለም። የተጠየቁትን ሁሉ «የዋጋ ሴትየዋን እንፈልጋለን» ብለው ብቻ ይመልሱ ነበር አሉ። ከሰዓት በኋላ ፈቱኝ። ኢቃማዬን ግን አስቀርተው ሐምሌ 8 ተመለሺ አሉኝ።

እኔ በሌለሁባቸው ቀናት ሉጥፊያ ብቻዋን መጻፍ ፈርታ ነበር። አሁን አትፈራም። ትናንት የወጣው ሦስት መቶ ቅጂ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ በእጅህ ነው። ምን ልታደርግበት እንደሆነ አልጠይቅህም።

እፀገነት


ጎንደር
ሐምሌ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

ጋሽ ይማም ደብዳቤሽን ሲሰጠኝ እንደ ልጅነቴ ግንባሬን ሳመኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት «አንብበው መጀመሪያ» አለኝ። ቆሞ እየጠበቀኝ አነበብኩት። እምቢ ማለቴ ነው ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሰኔ 30 ጠዋት በአንድ ሰዓት ዜና ላይ የተሰጠኝን እስከ መጨረሻው አነበብኩ። ከዚያ የራሴን ወረቀት አወጣሁ። ያልኩትን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦ «ሰኔ 3 ቀን ካርቱም ገበያው ተከፍቷል ብዬ አንብቤላችሁ ነበር። እውነት አልነበረም፤ ሳላጣራ ነው ያነበብኩት። በዚያ ዜና ዕቃ ጭናችሁ የከሰራችሁ ነጋዴዎች፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አሁን ከካርቱም በሰው እጅ የመጣ፣ አራት ቀን ያለፈው ዋጋ አነብላችኋለሁ።» ከወረቀትሽ ላይ ድንቹን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን፣ የሚፈለግበትንም አነበብኩ። በመስታወቱ ማዶ የድምፅ ባለሙያዋ ገሊላ እጇን ማጥፊያው ላይ አድርጋ ታየኝ ነበር። አላጠፋችውም።

አቶ በየነ ጠሩኝ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮሁም። «መዝገብ ቤት ተመድበሃል» አሉኝ። «ማይክሮፎን የለም።» ከዚያ «ዋጋው እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ወንድማቸው መተማ ዕቃ የሚጭን ነጋዴ ነው ለካ። እውነት ነው አልኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለውኝ በኪሳቸው ከተቱት።

ምክትላቸው ደግሞ «ማረሚያውን ማንበቤ ስህተት ነበር፣ ተገፋፍቼ ነው» ብዬ ብፈርም ወደ ማይክሮፎኑ እንደምመለስ ነገረኝ። አልፈረምኩም። ትናንት የመልቀቂያ ደብዳቤዬን አስገባሁ። ሥራ የለኝም፤ ግን ከሰኔ 3 ወዲህ እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም።

የኢቃማሽ ነገር ያሳስበኛል። ሐምሌ 8 ምን እንደሆነ ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

ሚልዮን


ካርቱም፣ ዴም
ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም.

ወንድሜ ሚልዮን፣

ኢንተርኔቱ አንተ በጻፍክባት ቀን ተመለሰ። ጠበቆች ፍርድ ቤት ተሟግተው ነው ያስከፈቱት። ስልኬ ላይ ሦስት ሺህ መልእክት በአንዴ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ እየዘለለ ሄደ። ይህን ግን በወረቀት የጻፍኩት ቶሎ መልስ እንዳትሰጠኝና እንድታስብበት ነው።

ሐምሌ 8 ሄድኩ። ብቻዬን አልሄድኩም፤ ጅምላ ሻጮቹ አብረውኝ ገቡ። ወረቀቱ የማኅበራችን ነው፣ ሴትየዋም ሠራተኛችን ናት ብለው የተፈረመ ደብዳቤ ይዘዋል። ያው መኮንን ነው። ደብዳቤውን አነበበ፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ ኢቃማዬን ከመሳቢያው አውጥቶ ገፋልኝ። «ወረቀቱ ላይ ከአትክልት ሌላ ነገር እንዳላይ» አለ። «ባቄላና ምስርም እጨምራለሁ» አልኩት። እጁን አወናጨፈ፤ ወጣን። ነገ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል፣ አላውቅም። እኔ ግን ወረቀቴን ለማንም አስቀድሜ እንደማላሳይ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።

ዋትሳፑ ተመልሶ ሳለ ወረቀቱን እናቁም ወይ ብዬ ነጋዴዎቹን ጠይቄ ነበር። አንድ አዛውንት «ዳግም የሚቆርጡበትን ቀን ማን ያውቃል?» አሉ። ስለዚህ በሁለቱም እንቀጥላለን። ቡድኑ አሁን ስድስት መቶ አርባ ሰው ሆኗል።

የአንተ ሥርጭት ምን እንደሠራ ግን አንተ አላየህም፤ እኔ አይቻለሁ። ሐምሌ 6 ከመተማ ሰባት መኪና ገባ። አንዱም ሳይበላሽ። ነጭ ሽንኩርቱ ቀጥታ ባሕሪ፣ ድንቹ አል-ሳሃፋ። ሹፌሮቹን ማን ነገራችሁ ብላቸው «ይቅርታ የጠየቀው ልጅ» አሉኝ። ስምህን እንኳ አያውቁትም።

እንግዲህ ዋናው ጉዳይ። ማኅበሩ መተማ ላይ አንድ ሰው ሊቀጥር ወስኗል። በየጠዋቱ የዚያን ወገን ዋጋ አጣርቶ ለኛ የሚልክ፣ የኛን ለእነሱ የሚናገር። ደመወዙ ከሬዲዮው ያንሳል። ማን ይሁን ሲባል እኔ ወንድሜ ነህና ስምህን አላነሣሁም። በስልክ መስመር ላይ የነበረው ጋሽ ይማም ነው የተናገረው። «መቶ ሃያ ጆንያ ያስጣለኝ እሱ ነው» አለ። «ያስጣልኩት እኔ ነኝ ብሎ በአገር ፊት የተናገረውም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ታመጣላችሁ? እሱን ቅጠሩት።»

ሉጥፊያ በዐረብኛ ተረጎመችላቸው። እጃቸውን አወጡ፤ አሥራ አራቱም።

ሐሳብህን ጨርሰህ ስትወስን መተማ ውረድ። ጋሽ ይማም የቤቱን የመንገድ በኩል ክፍል አስጠርጎልሃል። እሺ ካልክ ሐምሌ 22፣ ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ከአንተ የመጀመሪያውን ዋጋ እጠብቃለሁ። ያላጣራኸው ካለ «ይህን አላጣራሁም» ብለህ ጻፍልኝ፤ ስድስት መቶ አርባ ሰው ያነበዋል።

የምትወድህ እህትህ
እፀገነት